አልካፈልም ያለው ቁጥር፦ ከውርስ ሂሳብ እስከ 73,727

ሐራ ከወልድያ በስተምስራቅ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ደገኛው እህሉን፣ ቆለኛው ፍየሉንና ግመሉን ይዞ ይገናኝባታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው የባቡር ሐዲድ መዳረሻ እንድትሆን በመመረጧ ስሟ በሩቅ አገር ሳይቀር ይጠራል። በገበያ አገር ቁጥር የሌለው ወሬ የለም፤ ዋጋው፣ ሚዛኑ፣ ዱቤው ሁሉ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ከሸቀጥ ሂሳብ ይልቅ የአካባቢውን ሙስሊም ቤተሰብ በብርቱ የሚነካ ሌላ ሂሳብ አለ፤ እርሱም የውርስ ሂሳብ፣ ዒልሙል ፈራኢድ ነው።

አንድ የቆላ አባወራ ሞተ እንበል። ቀብሩ ተፈጽሞ፣ ዕዳው ተከፍሎ፣ ኑዛዜው ተፈጽሞ የቀረው ሀብት ፍየል ነው። ሚስት፣ 5 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ትቷል። ልጅ ስላለ የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ መሆኑ በሱረቱ ኒሳእ 12ኛ አንቀጽ ተደንግጓል። ስለዚህ ሂሳቡ ከ8 ይነሳል፤ 1 ለሚስት፣ 7 ለልጆች ማለት ነው። ለአንድ ወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ስለሚታሰብ ልጆቹ በራስ ሲቆጠሩ 13 ራስ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ሂሳቡ ይሰበራል፤ 7 ለ13 አይካፈልምና። ሸኾቹ ይህን ስብራት የሚጠግኑት ፍየል በማረድ ወይም «አንተ ተወው» በማለት አይደለም። 8ን በ13 ያባዙታል፤ 104 ይሆናል። ከ104 ውስጥ ለሚስት 13፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 14፣ ለእያንዳንዷ ሴት 7 ይደርሳል። 13፣ 70 እና 21 ሲደመሩ 104 ይሞላሉ። አንዲት ቅንጣት አልባከነችም፣ ማንም አልተበደለም።

ልጆቹ 3 ወንዶችና 1 ሴት ቢሆኑ ኖሮ 7 ራስ ስለሚሆኑ ሂሳቡ ያለ ምንም ድካም ከ8 ያልቅ ነበር። 14 ራስ ቢሆኑም 14ና 7 የሚስማሙበት ስላላቸው በ2 ማባዛት ብቻ ይበቃል። 13 ግን ከማንም ጋር አይስማማም፤ ሙሉ በሙሉ ካልተባዛ አይሆንለትም። ለመሆኑ 13 ምን ዓይነት ቁጥር ቢሆን ነው እንዲህ የሚያስቸግረው?

የፈራኢድ ሊቃውንት ሁለት ቁጥሮችን ፊት ለፊት አቁመው ዝምድናቸውን በአራት ይለያሉ። እንደ 4ና 4 እኩል የሆኑት ተማሡል ይባላሉ። እንደ 3ና 6 አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባው ተዳኹል ነው። እንደ 4ና 6 ሁለቱንም የሚያካፍል ሦስተኛ ቁጥር ያላቸው ተዋፉቅ ይባላሉ፤ እንደ 4ና 7 ከ1 በስተቀር ምንም የማያገናኛቸው ባይተዋሮች ደግሞ ተባዩን ናቸው። በርግጥ ባይተዋርነት ለእነ 13 ብቻ የተሰጠ ጠባይ አይደለም፤ 8ና 9ም ለብቻቸው ሲታዩ እንደ 13 ያሉ ሳይሆኑ እርስ በርሳቸው ግን ባይተዋሮች ናቸው። የ13 ልዩነት ከራሱ ብዜቶች በቀር ለቁጥር ሁሉ ባይተዋር መሆኑ ነው። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ብቸኛ ቁጥር የምንለው ይኸው ነው፤ ከ1ና ከራሱ በስተቀር ሌላ አካፋይ የለውም። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እያለ ይሄዳል። ዐረቦች «አል-ዐደዱል አወል» ይሉታል። ከ10 በላይ ያሉትን እንደ 11ና 13 ያሉትን ደግሞ «አሶም»፣ ማለትም ደንቆሮ ብለው የሚጠሩበት አነጋገርም አላቸው። ምክንያቱም በዐረብኛ ከግማሽ እስከ አንድ አስረኛ ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ የራሱ ስም አለው፤ ለአንድ አስራ ሦስተኛ ግን ስም የለውምና «ከአስራ ሦስት ክፍል አንዱ» ተብሎ በረጅሙ ይነገራል። ብትጠራው አይሰማም እንደማለት ነው።

ወሎ የዚህ ዕውቀት አገር ነው። በየጁ ያለው ዳና፣ ገታ፣ ጀማ ንጉስ፣ ሾንኬ እያልን ብንቆጥር ደረሳው ከሸኽ ወደ ሸኽ እየተዘዋወረ ስንቁን በጀርባው፣ ኪታቡን በብብቱ ይዞ የተማረባቸው ደጆች ብዙ ናቸው። በሻፊዒዮች ዘንድ የሚቀራው የኢማም አን-ነወዊ ሚንሃጅ ራሱን የቻለ የፈራኢድ ክፍል አለው፤ በግጥም ተቀምሞ በቃል የሚያዘው አር-ረሕቢያም በሙስሊሙ ዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። የመንግሥትን ሕግ ብናይ በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች የሙስሊሞችን ጋብቻና ውርስ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጥቷል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አጠናክሯል። ይህ ሁሉ ባለበት አገር እንኳ ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቤት መጀመሪያ የሚጠፋው የሴቶቹ ድርሻ ነው። «7 ለ13 አይካፈልም፣ ስለዚህ ሴቶቹ ይተዉት» የሚል ሽማግሌ የ13ን ጠባይ ባለማወቁ ብቻ ሳይሆን ባለማወቁ ተሸፍኖም ይበድላል። እህቶች ለዚህ መልስ መስጠት የሚችሉት ራሳቸው ማባዛት ሲያውቁ ነው።

በፈራኢድ ኪታቦች ውስጥ ብቸኛ ቁጥር ያደመቀው አንድ ዝነኛ ጉዳይ አለ፤ «ኡሙል አራሚል» ይሉታል፣ የመበለቶች እናት ማለት ነው። ሟቹ የተዋቸው ወራሾች ሴቶች ብቻ ናቸው፤ 3 ሚስቶች፣ 2 ሴት አያቶች፣ 4 የእናት ልጅ እህቶችና 8 የእናትና የአባት ልጅ እህቶች። የሚስቶች ድርሻ ሩብ፣ የአያቶች አንድ ስድስተኛ፣ የእናት ልጆች ሲሶ፣ የሙሉ እህቶች ሁለት ሲሶ ነው። ሂሳቡ ከ12 ሲነሳ 3፣ 2፣ 4 እና 8 ይሆናል። ሲደመር 17! ድርሻው ከሀብቱ በለጠ። ይህ ዐውል የሚባለው ነው፤ ሁሉም በየመጠኑ ትንሽ ትንሽ ይቀነስበትና ሀብቱ ከ12 ሳይሆን ከ17 ይከፈላል። ሴቶቹ ሲቆጠሩም 3፣ 2፣ 4 እና 8 ስለሆኑ 17 ናቸው። ሟቹ 17 ዲናር ቢተው እያንዳንዷ አንዳንድ ዲናር ይዛ ትሄዳለች። ደረሳውን «17 ሴቶች በተለያየ መንገድ ወርሰው እኩል የተካፈሉት እንዴት ነው?» ብለው ሸኾች የሚፈትኑት በዚህ ነው።

ስለ 17 ካነሳን ዘንድ በየሰርጉና በየለቅሶው የሚነገረውን የ17 ግመሎች ወሬ ሳንነካ ማለፍ አይቻልም። አባት 17 ግመል ትቶ ሞተ፤ ግማሹን ለትልቁ፣ ሲሶውን ለመካከለኛው፣ አንድ ዘጠነኛውን ለትንሹ ልጅ ተናዘዘ። ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) የራሳቸውን አንድ ግመል ጨምረው 18 አደረጉና 9፣ 6 እና 2 ሰጥተው የራሳቸውን ግመል መልሰው ወሰዱ ይባላል። ወሬው ይጥማል። ግን በታወቁት የሐዲስ መድብሎች ውስጥ የሚገኝ አይደለም፣ አከፋፈሉም ከሸሪዓ ጋር አይገጥምም፤ ወንዶች ልጆች እኩል ናቸው፣ ለወራሽም ኑዛዜ የለም። የሂሳቡ ምስጢርም የግመሉ አይደለም። ግማሽ፣ ሲሶና አንድ ዘጠነኛ ሲደመሩ ሙሉ አይሆኑም፤ ከ18 እጅ 17ቱ ብቻ ናቸው። ሟቹ ከሀብቱ አንድ አስራ ስምንተኛውን ለማንም ሳይናዘዝ ሞቷል ማለት ነው። ዐሊይ (ረ.ዐ) በዕውቀታቸው ለመታወቅ ይህ ተረት አያስፈልጋቸውም፤ ተረቱን የእንቆቅልሽ ቦታው ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የብቸኛ ቁጥሮችን ነገር በመጽሐፍ ካሰፈሩት ቀደምቶች አንዱ ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት በእስክንድርያ የነበረው ኡቅሊዲስ ነው። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው አሳይቷል። መንገዱ ቀላል ነው፤ 2፣ 3፣ 5 እና 7 ብቻ ናቸው የሚል ሰው ቢመጣ አራቱን አባዝተን 1 እንጨምራለን፤ 211 ይሆናል። 211 ለአራቱም ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ከአራቱ ውጭ የሆነ ብቸኛ ቁጥር መኖሩ የግድ ነው። የፈለገውን ያህል ረጅም ዝርዝር ቢያመጣም መልሱ ያው ነው።

ይህ መጽሐፍ በሃሩን አር-ረሺድና በአል-መእሙን ዘመን በባግዳድ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። በዚያው በአል-መእሙን ዘመን ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ያዘጋጁት የአልጀብራ መጽሐፍ ሰፊው ክፍል ስለ ኑዛዜና ውርስ መሆኑን ብዙ ተማሪ አያውቅም። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ አልጀብራ የሚባለው ትምህርት ከውርስ ጥያቄ ጋር በአንድ ጥራዝ ተጠርዞ ነው ወደ ዓለም የወጣው።

ቀጥሎ የመጡት ሣቢት ኢብን ቁርራ ናቸው። የሐራን ሰው ናቸው፤ የእኛዋ ሐራና የእርሳቸው ሐራን ስማቸው ቢቀራረብም ዝምድና የላቸውም፣ ሐራን ያለችው በዛሬይቱ ቱርክ ደቡብ ነው። በእምነታቸው ሙስሊም ሳይሆኑ ሳቢአ ነበሩ፤ ሆኖም በባግዳድ ኸሊፋዎች ዘንድ ተከብረው በዐረብኛ እየጻፉ ኖረው በ288 ዓመተ ሂጅራ (በ901 እ.ኤ.አ.) ሞቱ። የቆዩበት ጥያቄ «ተዋዳጅ ቁጥሮች» የሚባሉት ነው። 220ን እንውሰድ። ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 10፣ 11፣ 20፣ 22፣ 44፣ 55 እና 110 ሲደመሩ 284 ይሆናሉ። የ284 አካፋዮች 1፣ 2፣ 4፣ 71 እና 142 ሲደመሩ ደግሞ ተመልሰው 220 ይሆናሉ። አንዱ በሌላው ውስጥ ተደብቋል። ግሪኮች ይህን አንድ ጥንድ ብቻ ያውቁ ነበር።

ሣቢት ሌሎች ጥንዶችን የሚያወጣ ደንብ አገኙ፤ ማረጋገጫውንም ጻፉ። 2ን ደጋግመን ስናባዛ ከምናገኛቸው 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128 ከሚሉት ውስጥ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት እንመርጣለን፤ ለምሳሌ 2ና 4። የመጀመሪያውን በ3 አባዝተን 1 ስንቀንስ 5፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ ስናደርግ 11 እናገኛለን። ከዚያ ሁለቱን እርስ በርስ አባዝተን በ9 እናባዛና 1 እንቀንሳለን፤ 71 ይሆናል። ሦስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ከሆኑ ጥንዱ ተገኘ ማለት ነው፤ 4 በ5 በ11 ሲባዛ 220፣ 4 በ71 ሲባዛ 284። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ብቸኛ ካልሆነ ደንቡ አይሠራም። 4ና 8ን ብንሞክር 11ና 23 ጥሩ ናቸው፣ ሦስተኛው ግን 287 ሆኖ 7 በ41 ስለሆነ ይከሽፋል።

8ና 16ን የሞከሩት ሰዎች 23፣ 47 እና 1151 ደረሱ። 1151 ብቸኛ ነው ወይ? ይህን ማንም ልጅ በደብተሩ ሊፈትሸው ይችላል። አንድ ቁጥር ሁለት አካፋዮች ካሉት አንደኛው የግድ ትንሽ ነው። 34 በ34 ከ1151 ስለሚበልጥ ከ34 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ብቻ ይበቃል። 2ና 5 በዓይን ይታያሉ። ለ3 ሲካፈል 2፣ ለ7 ሲካፈል 3፣ ለ11 እና ለ13 ሲካፈል 7፣ ለ17 ሲካፈል 12፣ ለ19 ሲካፈል 11፣ ለ23 ሲካፈል 1፣ ለ29 ሲካፈል 20፣ ለ31 ሲካፈል 4 ይተርፋል። አልተካፈለም፤ ብቸኛ ነው። ስለዚህ 17,296 እና 18,416 ተዋዳጆች ናቸው። ይህን ጥንድ የመራኬሹ ኢብኑል በንናእና የፋርሱ ከማሉዲን አል-ፋሪሲ በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያውቁት ነበር። አል-ፋሪሲ ቀስተ ደመና በውሃ ጠብታ ውስጥ ብርሃን እየተሰበረ እንደሚሠራ ያብራሩት ሊቅ ናቸው። ስለ ተዋዳጅ ቁጥሮች በጻፉት ድርሳን ማንኛውም ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች እንደሚበተን አሳይተው የሣቢትን ደንብ በአዲስ መንገድ አረጋግጠውታል። አውሮፓ ግን ጥንዱን በ1636 እ.ኤ.አ. ባገኘው በፈረንሳዊው ፌርማ ስም ለረጅም ጊዜ ሲጠራው ኖረ። ይህን ታሪክ ከዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች አውጥተው ለዓለም ካሳዩት ዋናው በካይሮ የተወለዱት ሩሽዲ ራሺድ ናቸው።

16ና 32፣ እንዲሁም 32ና 64 ይከሽፋሉ፤ ሁለቱም ዘንድ 95 ይገባልና፣ 95 ደግሞ 5 በ19 ነው። 64ና 128 ሲደርስ 191፣ 383 እና 73,727 ይወጣሉ። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚፈተነው። 73,727 ብቸኛ መሆኑን በእጅ ለማወቅ እስከ 271 ያሉትን 58 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ማካፈል ያስፈልጋል። ካልኩሌተር የለም፣ ኮምፒውተር የለም፤ ቀለምና ወረቀት ብቻ። የየዝዱ ሙሐመድ ባቂር ይህን ጥንድ በኢራን በ17ኛው ክፍለ ዘመን አወጡት፤ 9,363,584 እና 9,437,056። ፈረንሳዊው ዴካርትም በ1638 እ.ኤ.አ. ያንኑ ጥንድ ጽፏል። የሚገርመው ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር እጅግ ሩቅ ሄዶ ቢፈልግም ሣቢት በነገሩት ደንብ አራተኛ ጥንድ አለመገኘቱ ነው። ደንቡ የማይደርስባቸው ጥንዶች ግን ሞልተዋል። እነዚህ ሁሉ ሊቃውንት የዘለሉትን ትንሽ ጥንድ፣ 1184ና 1210ን፣ በ1866 እ.ኤ.አ. ያገኘው ፓጋኒኒ የሚባል የ16 ዓመት ጣሊያናዊ ልጅ ነው።

ያሳዝናል፣ ይህ ሁሉ ድካም የተደከመባቸው 220ና 284 ለሌላ ነገርም ውለዋል። ሁለቱን ቁጥሮች በክታብ ጽፎ ለሁለት ሰዎች በማስያዝ ፍቅር ይወድቃል የሚሉ የጠልሰም ሰዎች እንደነበሩ ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማቸው ጠቅሰዋል። እኛም አገር የአብጀድን ፊደላት በቁጥር እየደመረ ኮከብ ቆጠርኩ፣ መፋቀሪያ ጻፍኩ የሚል አይጠፋም። ቁጥር ለሰው ልብ ፍቅር አያወርድም። 220 ከ284 ጋር የተዋደደው አካፋዮቹ ስለተደመሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ የለውም። ባልና ሚስት የሚያጣላቸውን በ13 አባዝቶ የሚፈታ ፈራኢድ ካለ ለቤቱ የሚበጀው እርሱ ነው።

በዘመናችን ደግሞ 19 መጣ። ነዋሪነቱ በአሜሪካ ቱሳን የነበረ ረሻድ ኸሊፋ የተባለ ግብፃዊ ኬሚስት የቁርኣን ቃላትና ፊደላት በኮምፒውተር ሲቆጠሩ ሁሉም በ19 ይካፈላሉ ብሎ ተነሳ። የሱራዎች ቁጥር 114፣ ማለትም 19 በ6 መሆኑ እውነት ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያ ተደንቆ ነበር። ነገር ግን ብዙ ነገር የሚቆጥር ሰው ከየ19ኙ ቁጥር አንዱ ያለ ማንም ፈቃድ በ19 እንደሚካፈልለት ማወቅ አለበት፤ ያልተካፈለውን ዝም ብሎ የተካፈለውን ብቻ ካሳየ ተአምር የሠራው ቆጣሪው ነው። ነገሩም በዚህ አላበቃም። ቆጠራው አልገጥም ሲለው የሱረቱ ተውባን የመጨረሻ ሁለት አንቀጾች ከቁርኣን አይደሉም እስከማለት ደረሰ፤ ራሱንም መልእክተኛ ነኝ አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. ሞቷል፤ ወሬው ግን እስካሁን በየቤቱ ይዞራል። ቁጥሩን ለመጽሐፉ ከማስገዛት ይልቅ መጽሐፉን ለቁጥሩ ማስገዛት እስከዚህ ያደርሳል። በ19 ፋንታ 17ን ወይም 23ን ይዞ ቢነሳም የሚገጥምለት ዝርዝር ባላጣ ነበር።

ብቸኛ ቁጥር እውነተኛ የሆነ ድንቅ ጠባይ አለው። ይህን ቀድመው የጻፉት በባስራ ተወልደው በካይሮ በ1040 እ.ኤ.አ. ገደማ የሞቱት ኢብኑል ሀይሠም ናቸው። ጥያቄያቸውን በእኛ አገር ልብስ እናልብሰው። አንዲት ሴት ለሐራ ገበያ እንቁላል ይዛ ወጣች። ሁለት ሁለት ስትቆጥረው አንድ ይተርፋል፣ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት፣ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት ስትቆጥረውም አንድ ይተርፋል፤ ሰባት ሰባት ስትቆጥረው ግን ምንም አይተርፍም። እንቁላሉ ስንት ነው? ኢብኑል ሀይሠም 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6ን አባዝታችሁ 1 ጨምሩ አሉ። 720 ሲደመር 1፣ 721። ለ7 ሲካፈል 103 ይደርሳል፣ ትርፍ የለም። ከዚህ ያነሰ መልስም አለ፣ 301። ዋናው ነገር ግን ይህ መንገድ 7 ብቸኛ ስለሆነ መሥራቱ ነው። በ7 ፋንታ 11 ወይም 13 ቢሆንም ይሠራል። 6 ቢሆን ግን ከ1 እስከ 5 ተባዝቶ 120፣ ሲደመር 1፣ 121 ይሆናል፤ ለ6 አይካፈልም። ስለዚህ ይህ የብቸኛ ቁጥር መለያ ምልክት ነው፤ ለ73,727ም ይሠራል፣ ምንም እንኳ እስከ 73,726 ማባዛት ለሰው የማይሞከር ቢሆን። በአውሮፓ የዊልሰን ደንብ ተብሎ የታተመው በ1770 እ.ኤ.አ. ሲሆን ላግራንዥ ያረጋገጠው በዓመቱ ነው። በሁለቱ መካከል ሰባት መቶ ዓመት አለ።

ወደ ትልልቆቹ ስንሄድ የሰንጠረዡ ታሪክ ይመጣል። ንጉሡ ሰንጠረዥ ለፈለሰፈለት ሰው ምን ልስጥህ ቢለው በመጀመሪያው ቤት 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 የስንዴ ፍሬ እያልክ እስከ 64ኛው ቤት እጥፍ እያደረግህ ስጠኝ አለው። ታሪኩን ኢብን ኸሊካን ጽፈውታል፤ አል-ቢሩኒ ከእርሳቸው ቀደም ብለው ድምሩን አስልተዋል፤ 18,446,744,073,709,551,615። ይህ ግዙፍ ቁጥር ብቸኛ ነውን? መጨረሻው 5 ስለሆነ ለ5 ይካፈላል፤ ለ3ና ለ17ም ይካፈላል። ልጆች ከየቤቱ ቆም እያሉ ድምሩን ቢያዩ ጨዋታው ደስ ይላል። ሁለተኛው ቤት ላይ 3፣ ሦስተኛው ላይ 7፣ አምስተኛው ላይ 31፣ ሰባተኛው ላይ 127፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። የቤቱ ቁጥር ራሱ የሚካፈል ከሆነ ድምሩ መካፈሉ አይቀርም፤ 64ኛው የወደቀው በዚህ ነው። የቤቱ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ ግን ብቻውን አይበቃም፤ 11ኛው ቤት ላይ ድምሩ 2047 ነው፣ እርሱም 23 በ89። 61ኛው ቤት ላይ ብንቆም 2,305,843,009,213,693,951 እናገኛለን። ይህ ብቸኛ መሆኑን በ1883 እ.ኤ.አ. በእጅ አስልቶ ያረጋገጠው ፔርቩሺን የሚባል ሩሲያዊ የገጠር ቄስ ነው። በጥቅምት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ እስካሁን ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የሚበልጠውም የዚሁ ዘር ነው፤ ሰንጠረዡ 136,279,841 ቤት ቢኖረው የሚገኘው ድምር ነው። አሃዞቹ ብቻ 41,024,320 ናቸው።

ይህን ያህል ግዙፍ ቁጥር ለምንም አይውልም፣ ለክብር ነው። መካከለኞቹ ግን ዛሬ በሐራ ገበያ ነጋዴው በስልኩ ገንዘብ ሲልክ በማይታይ መንገድ ይሠራሉ። በ1977 እ.ኤ.አ. ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች ያወጡት የምስጢር መቆለፊያ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን በማባዛት ላይ የቆመ ነው። ብዜቱን ለዓለም ሁሉ ማሳየት ይቻላል፣ ሁለቱን አካፋዮች የሚያውቅ ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። ለመቆለፍ የሚያገለግለው ብዜት ብዙውን ጊዜ 617 አሃዝ አለው። ማባዛቱ የቅጽበት ሥራ ሲሆን መበተኑ ግን ሌላ ነው፤ በየካቲት ወር 2020 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 250 አሃዝ ብቻ ያለውን አንድ ብዜት ወደ ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮቹ ለመበተን ብዙ ኮምፒውተሮችን አሰልፈው የፈጀባቸው ሥራ በአንድ የኮምፒውተር አንጎል ቢሠራ 2,700 ዓመት ገደማ የሚወስድ ነበር።